ስንት በስንት? የደም ግፊት ልኬት ጉዞ ከቴዲንግተን እስከ አል ቁዝ

ስቲቨን ሄልስ ሐኪም አልነበረም፤ በለንደን አጠገብ የምትገኘው የቴዲንግተን መንደር ቄስ ነበር። ከስብከትና ከቀብር የተረፈውን ሰዓት ግን የዛፍ ፈሳሽ በግንዱ ውስጥ እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ፣ የእንስሳ ደም በምን ያህል ኃይል እንደሚሮጥ በመመርመር ያሳልፈው ነበር። ከሙከራዎቹ አንዱ በአንዲት ባዝራ ላይ የተደረገ ነው። ባዝራዋን አስተኝቶ አስጠፈራት። በታፋዋ ውስጠኛ በኩል ያለውን ደም ቅዳ ከፍቶ ቀጭን የናስ ቧንቧ ሰካበት፤ በቧንቧው ላይ ደግሞ 9 ጫማ ርዝመት ያለው የመስታወት ቱቦ አቆመ። ደም ቅዳውን የቋጠረበትን ክር ሲፈታ ደሙ በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ወጣና ከልቧ በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ደርሶ ቆመ። እዚያም ሆኖ አልረጋም፤ ልቧ በመታ ቁጥር ጥቂት ኢንች ከፍ፣ ጥቂት ኢንች ዝቅ ይል ነበር። ሄልስ ያየውን በ1733 በመጽሐፍ አሳተመው። (የኢትዮጵያ መሆኑ በ«ዓ.ም.» ካልተለየ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በእዝባር ተለይተው የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ያ ከፍታና ዝቅታ ናቸው። ልብ ተኮማትሮ ደም ሲገፋ በደም ቅዳ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ጫና ላይኛው ቁጥር ነው፤ በሁለት ምት መካከል ልብ ላልቶ ደም ሲሞላ የሚቀረው ጫና ታችኛው ነው። ታችኛው ቁጥር ወደ ዜሮ የማይወርደው የትልልቆቹ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ተለጥጦ ስለሚመለስ ነው። ልብ ባረፈበት ቅጽበትም ግድግዳው ደሙን ወደፊት መግፋቱን ይቀጥላል።

የሄልስ ዘዴ እውነቱን አሳየ እንጂ ለሕክምና አይሆንም ነበር። ሁለት ሜትር ተኩል ቱቦ አቁሞ የበሽተኛን ደም የሚያፈስ ሐኪም የለም። የቱቦውን ችግር በ1828 ፈረንሳዊው ዣን ፑዋዜይ ፈታው። በደም ፋንታ ባዜቃን፣ ማለትም ሜርኩሪን ተጠቀመ። ባዜቃ ከውኃ 13.6 እጥፍ ስለሚከብድ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የደም ዓምድ የሚያቆመው ጫና ባዜቃን የሚያነሳው 120 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። «120» ስንል የምንናገረው ይህንኑ የባዜቃ ቁመት ነው። በ1856 ፌቭር የተባለ የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም እግርና እጅ በሚቆረጥበት ጊዜ የተከፈተውን የሰው ደም ቅዳ ከባዜቃው ጋር አገናኝቶ 120 ገደማ አገኘ። ቁጥሩ ዛሬም ያው ነው። ያኔ ግን እሱን ለማወቅ ገላን መክፈት ግድ ነበር።

ከአድዋ ማግሥት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር አድዋ ላይ ድል ተነሣ። በዚያው በ1896 መገባደጃ ላይ በሰሜን ኢጣሊያ፣ በቶሪኖ ከተማ፣ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ የ33 ዓመት ሐኪም በከተማዋ የሕክምና ጋዜጣ ላይ አንድ አዲስ መሣሪያ አስተዋወቀ። የተሠራው በየቤቱና በየሱቁ ከሚገኝ ዕቃ ነው፤ ከብስክሌት ካላማዳሪ፣ ከመንፊያ ጎማና ከባዜቃ ቱቦ። ካላማዳሪው በላይኛው ክንድ ላይ ይጠመጠማል፤ ሐኪሙ አንድ እጁን በበሽተኛው አንጓ ላይ አኑሮ የደም ሥር ምቱን እየዳሰሰ በሌላው እጁ አየር ይነፋል። ምቱ ጠፋ ያለበት ላይ የባዜቃው ቁመት ይነበባል። ላይኛው ቁጥር ያ ነው። ቢላዋ የለም፣ ደም መፍሰስ የለም፣ ሥራው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ በ1901 ወደ ኢጣሊያዋ ፓቪያ ከተማ ሄዶ መሣሪያውን አየ፤ ወደ ባልቲሞር ወስዶም በቀዶ ሕክምና ክፍል አስገባው።

የሪቫ ሮቺ መሣሪያ ታችኛውን ቁጥር መናገር አይችልም ነበር። ይህን የሞላው ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ ወጣት ሩሲያዊ የጦር ሐኪም ነው። የሀገሩ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በ1896 አዲስ አበባ ድረስ መጥተው የአድዋን ቁስለኞች አክመው ነበር። ኮሮትኮቭ ራሱ ያገለገለው በሩቅ ምሥራቅ፣ በሩሲያና ጃፓን ጦርነት ቁስለኞች መካከል ነው። በጥይት የተጎዳ ደም ቅዳን ማሰር ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ማዳመጫውን በደም ሥር ላይ እያሳረፈ ድምፁን መከታተል ልማዱ ሆነ። በ1905 በሴንት ፒተርስበርግ የጦር ሕክምና አካዳሚ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ዘገባ አቀረበ።

በዘገባው ያለው ዘዴ ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት ነው። ማሰሪያው ክንድን አጥብቆ ደም ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ፣ በክርን ውስጠኛ በኩል የተቀመጠው ማዳመጫ ምንም አይሰማም። አየሩ ቀስ እያለ ሲወጣ የልብ ግፊት ማሰሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሸንፍበት ቅጽበት ይመጣል። ጥቂት ደም በጠበበው መተላለፊያ ሾልኮ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያሰማል። የመጀመሪያዋ «ጠቅ» ላይኛው ቁጥር ናት። ድምፁ እየጎላ፣ ከዚያ እየደበዘዘ ይሄድና በድንገት ይጠፋል። የጠፋበት ቦታ ታችኛው ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደሙ ሳይታገል ስለሚያልፍ ድምፅ የለውም።

ኮሮትኮቭ ዘገባውን ካቀረበ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1902 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክን ከባድ ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸው ተያዘ፣ ሰውነታቸው አልታዘዝ አለ። እቴጌ ጣይቱ የመንግሥቱን ሥራ ጨብጠው ቆዩ፤ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ከሥልጣን አገለሏቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ሀገሪቱ አራት ዓመት በአልጋ ላይ ባለ ንጉሥ ስም ተዳደረች። ስትሮክ ከብዙ ምክንያት ይመጣል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ከፍተኛ የደም ግፊት ነው። ያን ጊዜ ይህ ዝምድና ገና በመጠናት ላይ ነበር፤ በአውሮፓ ነገሥታት አልጋ ዙሪያ የሚቆሙ ሐኪሞችም ቢሆኑ ቁጥሩን ቢያገኙት የሚያዙለት መድኃኒት አልነበራቸውም።

የኢንሹራንሱ ጥያቄ

ሐኪሞች ቁጥሩን ምን እንደሚያደርጉት ሲያመነቱ፣ ሳያመነታ የወሰደው የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ሚውችዋል ኩባንያ ዋና ሐኪም ጆን ፊሸር የኢንሹራንስ ጠያቂዎችን ግፊት ማስለካት ጀመረ። ኩባንያው ማን ቶሎ እንደሚሞት የማወቅ ቀጥተኛ ጥቅም ነበረው፤ ደንበኛው በ70 ዓመቱ ፈንታ በ50 ዓመቱ ከሞተ ኪሳራው የኩባንያው ነው። መዝገቡ ሲጠራቀም ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። ጤነኛ የሚመስል፣ አንድም ነገር የማያመው ሰው፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ከእኩዮቹ ቀድሞ ይሞታል። አደጋውም ድንገት የሚጀምርበት አንድ ድንበር የለውም፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ልክ ዕድሜ ያጥራል።

ብዙዎቹ ሐኪሞች በሌላ መንገድ ያስቡ ነበር። ሰው ሲያረጅ ደም ቅዳው ስለሚደርቅ፣ ደሙን እስከ አንጎልና እስከ ኩላሊት ለማድረስ ግፊቱ ከፍ ማለቱ የተፈጥሮ መላ ነው፤ ዝቅ ማድረጉ ሊጎዳ ይችላል ባዮች ነበሩ። ይህ እምነት እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘለቀ። ዋጋውን ካስከፈላቸው ሰዎች አንዱ በዓለም ላይ እጅግ ኃያል የነበረው ሰው ነው።

በኩዊንሲ መርከብ ላይ

በመጋቢት 1944 የልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትን ሲመረምር 186/108 አገኘ። ልባቸው ሰፍቷል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። የታዘዘላቸው ዕረፍት፣ ጨው የቀነሰ ምግብ፣ ሲጋራ መቀነስና የልብ መድኃኒት ነበር። ግፊቱን ራሱን አስተማማኝ ሆኖ የሚያወርድ ክኒን በዓለም ላይ አልነበረም። ለሕዝቡ የተነገረው ግን ፕሬዚዳንቱ ለዕድሜያቸው ደኅና ናቸው የሚል ነበር።

የካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ በሱዌዝ ቦይ፣ በታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ በቆመችው ኩዊንሲ መርከብ አፄ ኃይለ ሥላሴን ተቀበሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ የሳዑዲውን ንጉሥ አብዱልአዚዝን። ኢትዮጵያም ዓረብ ባሕረ ገብ ምድርም ከጦርነቱ በኋላ ስለሚኖራቸው ቦታ የተነጋገሩት፣ ከሁለት ወር በላይ ዕድሜ ካልቀረው ሰው ጋር ነው። ሚያዝያ 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ሩዝቬልት በጆርጂያ ዋርም ስፕሪንግስ ተቀምጠው ሳለ ጭንቅላታቸውን ከባድ ሕመም እንደያዛቸው ተናገሩ፤ ወዲያውም ራሳቸውን ሳቱ። ብሩን ሲለካ 300/190 ነበር። በዚያው ቀን በአንጎል ደም መፍሰስ ሞቱ፤ ዕድሜያቸው 63 ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ለልብ በሽታ ምርምር ገንዘብ መደበ፤ በ1948 ማሳቹሴትስ ውስጥ በምትገኘው ፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን ዓመት ከዓመት መከታተል ተጀመረ። ጥናቱ ሁለት የቆዩ እምነቶችን ናደ። አንደኛው «ለዕድሜው ልክ ነው» የሚለው ነው፤ በሽማግሌም ላይ ከፍ ያለ ግፊት አደጋ መሆኑ ታየ። ሁለተኛው ታችኛው ቁጥር ብቻ ነው የሚያሳስበው የሚለው ነው፤ በተለይ ከ50 ዓመት በኋላ ስትሮክንና የልብ በሽታን አጉልቶ የሚተነብየው ላይኛው ሆኖ ተገኘ። ትልልቆቹ ደም ቅዳዎች በዕድሜ ሲደርቁ መለጠጣቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአዛውንት ላይ ላይኛው ሽቅብ ሲወጣ ታችኛው ሊወርድ ይችላል። «150/75» የሚል ወረቀት ይዞ «ታችኛው ጥሩ ነው» ብሎ መጽናናት ከዚያ ወዲህ ትርጉም የለውም። ከሁለቱ አንዱ ከተወሰነለት መስመር ካለፈ ልኬቱ ከፍተኛ ነው።

በ1958 ጨውና ውኃን በሽንት የሚያስወጣ ክሎሮታያዛይድ የተባለ ክኒን ገበያ ላይ ዋለ። ክኒኑ ቁጥሩን ማውረዱ ግን ዕድሜ ያራዝማል ማለት አልነበረም፤ ይህን ለማረጋገጥ የዋሽንግተኑ ሐኪም ኤድዋርድ ፍራይስ በጡረታ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ሙከራ አደረገ። 143 ወንዶች ተመረጡ፤ የሁሉም ታችኛው ቁጥር ከ115 እስከ 129 ነበር። 73ቱ እውነተኛ መድኃኒት፣ 70ዎቹ የማስመሰያ ክኒን ወሰዱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማስመሰያውን ከወሰዱት 27ቱ ሞት፣ ስትሮክ ወይም ሌላ ከባድ ጉዳት ደረሰባቸው፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 2ቱ ብቻ። ውጤቱ በ1967 ሲታተም እንዲህ ላለው ከባድ ግፊት ክርክሩ አበቃ። ሩዝቬልት በሞቱ በ22 ዓመት ውስጥ፣ ቁጥሩ መጥፎ ዜና ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሊለወጥ የሚችል ነገር ሆነ።

አል ቁዝ

የፍራይስ ውጤት ሲታተም ዱባይ ነዳጅ ካገኘች አንድ ዓመቷ ነበር። በ1971 ኤሚሬቶቹ ተባበሩ፤ በ1973 ራሺድ ሆስፒታል ተከፈተ። ከተማዋ ከወደቡ ተነሥታ በባሕሩ ዳርቻ ስትዘረጋ፣ ከሼክ ዛይድ መንገድ ወደ ውስጥ እስከ አል ኸይል መንገድ ያለው አሸዋማ ሜዳ ጓዳዋ ሆነ። አል ቁዝ እሱ ነው። መጋዘኑ፣ ጋራዡ፣ የሲሚንቶ ብሎኬት ማምረቻው፣ ላውንድሪው፣ ማተሚያ ቤቱና የሠራተኛ ካምፑ እዚያ ተሰበሰቡ። ኋላ ላይ ጥቂቶቹ መጋዘኖች የሥዕል ማሳያ ሆኑ፤ ጠዋትና ማታ ግን አካባቢውን የሚሞላው ዛሬም የሠራተኛ አውቶቡስ ነው። ከህንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከባንግላዴሽና ከኔፓል ልጆች መካከል በጥበቃ፣ በጽዳት፣ በመጋዘንና በወጥ ቤት የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ኪራይ የከበደው ደግሞ ሻርጃ ወይም አጅማን አልጋ ተከራይቶ በየቀኑ በትራፊኩ ውስጥ ይመላለሳል።

ወደ ኤሚሬቶች የሚገባ ሠራተኛ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ምርመራ አለ። «ሜዲካል አለፍኩ» ሲል ቤተሰብ ደስ ይለዋል። ለመኖሪያ ፈቃድ የሚደረገው ምርመራ የሚፈልገው ግን ተላላፊ በሽታን ነው። የደም ናሙናው ለኤችአይቪና ለመሰሎቹ ነው፤ የደረት ራጁ ለሳንባ ነቀርሳ። ደም ግፊት ወደ ጎረቤት አይተላለፍም፤ ስለዚህ ፈቃድ የሚያሰጥ ወይም የሚያስከለክል ጉዳይ አይደለም። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ቪዛውን በየሁለት ዓመቱ እያሳደሰ፣ በየጊዜው «ሜዲካል» እያለፈ፣ አሥር ዓመት ሙሉ 160/100 ይዞ ሊኖር ይችላል። ማለፉ እውነት ነው፤ ጤነኛ መሆኑ ግን አልተጠየቀም።

ሀገሪቱ ሠራተኛውን ከሙቀት ለመጠበቅ ከ2005 ጀምሮ የቀትር ዕረፍት ደነገገች። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በአውሮፓ ቀን፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 በፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለ ነው። ሙቀቱ ከልኬቱ ጋርም ጉዳይ አለው። በሙቀት ከቆዳ ሥር ያሉ ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ላብ ውኃና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። በነሐሴ «ጥሩ» የተባለ ሰው በጥር ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን የሚወስድ ደግሞ በሙቀቱ ወራት ከተቀመጠበት ሲነሣ ራሱን ሊያዞረው ስለሚችል፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መነጋገር እንጂ በራሱ ማቆም የለበትም።

በ2013 ዱባይ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ አወጣች፤ ግዴታው ከ2014 ጀምሮ በደረጃ እየሰፋ እስከ ትንንሾቹ ድርጅቶችና እስከ ቤት ሠራተኞች ደረሰ። ዝቅተኛ ደመወዝተኛን የሚሸፍነው መሠረታዊ ጥቅል በዓመት እስከ 150,000 ድርሃም ይከፍላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው ግን ለቆዩ ሕመሞች የስድስት ወር መጠበቂያ ነበረው። ሻርጃና አጅማን ከዚህ ውጭ ቆይተው ነበር። ከጥር 2025 ጀምሮ እነርሱም ገቡ፤ በዓመት 320 ድርሃም የሚከፈልበት መሠረታዊ ጥቅል ለግል ድርጅት ሠራተኞችና ለቤት ሠራተኞች ግዴታ ሆነ፤ ለሥር ሰደድ ሕመምም መጠበቂያ ጊዜ የለውም። ክፍያው የአሠሪው ነው። የዚህን ኢንሹራንስ ካርድ በኪሱ ይዞ ስለ ጥቅሙ የማያውቅ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

መስመሩ ሲንቀሳቀስ

የአል ቁዝ ሠራተኛ ካርዱን እስኪያገኝ ድረስ ሀገር ቤትም የባለግፊቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር። በ2009 በታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከ25 እስከ 64 ዓመት ባለው ጎልማሳ መካከል ከወንዶቹ 31.5 በመቶ፣ ከሴቶቹ 28.9 በመቶ ከፍተኛ ግፊት ተገኘባቸው። በ2015 በመላ ሀገሪቱ የተደረገው ጥናት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ አገኘ፤ የዕለት ጨው ፍጆታውም በአማካይ 8.3 ግራም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ከሚመጡት ጥቂት የማይባሉት ስደት የጀመሩት ከነግፊታቸው ነው ማለት ነው።

በዚያው በ2015 በአሜሪካ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ 9,361 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ከጊዜው ቀድሞ ቆመ። ላይኛውን ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት፣ ከ140 በታች ይበቃል ከተባሉት ይልቅ የልብ ጉዳታቸውና ሞታቸው በሩብ ያህል አንሶ ስለተገኘ ነው። እርግጥ የግፊት ከልክ በላይ መውረድና ራስን መሳትም በዝቶባቸዋል። በ2017 የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት የበሽታውን መስመር ከ140/90 ወደ 130/80 አወረዱት። በአንድ ቀን የአሜሪካ ጎልማሳ ባለግፊት ከ32 በመቶ ወደ 46 በመቶ አደገ፤ ማንም አልታመመም፣ መስመሩ ነው የተንቀሳቀሰው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ መድኃኒት መጀመሪያውን 140/90 ላይ አቆየው፤ የልብ በሽታ ላለበት ግን ላይኛው 130 ሲደርስ እንዲጀመር መከረ። 135/85 የሚያህል ልኬት ይዞ ሁለት ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ሁለት መልስ ቢያገኝ አንዳቸው ተሳስተው አይደለም። የኢንሹራንሱ መዝገብ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳሳየው አደጋው ዳገት ነው፤ መስመሩን ዳገቱ ላይ የት እንደሚያሰምሩ የሚወስኑት ሰዎች ናቸው።

መሣሪያውም ተለውጧል። ባዜቃ መርዝ በመሆኑ በ2013 በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መሠረት የባዜቃ መለኪያ ማምረትና መነገድ እስከ 2020 እንዲቆም ተወሰነ። ቦታውን የያዘው ኤሌክትሮኒክስ መለኪያ ድምፅ አያዳምጥም፤ በማሰሪያው ውስጥ ያለው አየር ከምቱ ጋር የሚንቀጠቀጠውን መጠን ያነብና ሁለቱን ቁጥሮች በስሌት ያወጣል። ስለዚህ ክንድ ሲንቀሳቀስ፣ ሰው ሲያወራ፣ ወይም የልብ ምት ሲዛባ ስሌቱ ይሳሳታል።

ስንት በስንት?

እንግዲህ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ከአል ቁዝ ካምፑ አጠገብ ካለ ክሊኒክ ገባ እንበል። ፎቁን በደረጃ ወጥቷል፤ ሻይ ጠጥቷል፤ ስልኩ ላይ ከሀገር ቤት የገንዘብ ጥያቄ እየተቀበለ ነው። እግሩን አጣምሮ፣ ክንዱን ወደ ታች አንጠልጥሎ ይለካና 152/96 ይወጣል። ክንዱ ከልቡ 10 ሴንቲሜትር ዝቅ ካለ ብቻ 8 ያህል ይጨመርበታል፤ ይህም ሄልስ ቱቦውን ከልብ ከፍታ የለካበት ሕግ ነው። ወሬው፣ የተጣመረው እግር፣ የሞላው ፊኛና በጥብቅ ሸሚዝ ላይ የተጠመጠመው ማሰሪያ ሁሉም የየራሳቸውን ይጨምራሉ። ጀርባውን ደግፎ አምስት ደቂቃ ቢቀመጥ፣ እግሩን ወለል ላይ ቢያሳርፍ፣ ባዶ ክንዱን ጠረጴዛ ላይ በልብ ትይዩ ቢያኖር፣ ዝም ቢል፣ ከሻይ፣ ከቡናና ከሲጋራ 30 ደቂቃ ቢርቅ ቁጥሩ ወደ 138/88 ሊወርድ ይችላል። ላይወርድም ይችላል፤ ያ ከሆነ እውነቱ እሱ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት መስመር፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት በትክክል ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነው ደም ብዛት አለ የሚባለው። ቤት ውስጥ ለሚለካ ሰው መስመሩ 135/85 ነው፤ የነጭ ጋውን ድንጋጤ ስለሌለ።

180/120 ያለፈ ልኬት በራሱ ያስቸኩላል። ከሱ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንደበት መያዝ፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ነገን መጠበቅ የለም፤ በኤሚሬቶች የአምቡላንስ ቁጥር 998 ነው። ምልክት ከሌለ አርፎ እንደገና መለካትና በቶሎ ሐኪም ማየት ነው። በወገብ ሕመም ሳቢያ ከፋርማሲ የሚገዛው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት እንደሚጨምር፣ በኢንዶሚ ከረጢት ውስጥ ብዙ ጨው እንዳለ ማወቅም ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ምግብ ናቸው፤ የክኒን ምትክ አይደሉም። ክኒን ጀምሮ ቁጥሩ ሲስተካከል «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቆም ሰው ደግሞ የተስተካከለው በክኒኑ መሆኑን ረስቶ ነው።

በ2019 በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ካለው ሰው 1.3 ቢሊዮን የሚሆነው ከፍተኛ ግፊት ነበረበት፤ ግማሽ የሚጠጋው አያውቅም ነበር። የማያውቀው ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ አላመመውም። ሄልስ የጠየቀው ለማወቅ ጓጉቶ ነው፤ ኢንሹራንሱ ለካዝናው፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ምርመራ ለሌላው ሰው ደኅንነት። አል ቁዝ ውስጥ ለሠራተኛው ለራሱ ሲል ይህን ጥያቄ በግዴታ የሚጠይቅ የለም። ካርዱ ግን በኪሱ አለ፣ መለኪያውም በየፋርማሲው። «ደኅና ነው» የሚል መልስ ሲሰጠው አመስግኖ ከመውጣቱ በፊት «ስንት በስንት?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሁለቱንም ቁጥር ከነቀኑ ስልኩ ላይ ይጻፍ፤ በሌላ ቀን ደግሞ ይለካ። ቀጣዩ ሐኪም፣ ሻርጃም ይሁን ጎንደር፣ የሚፈልገው ያንን ዝርዝር ነው።